ጽጌረዳዋን ያደረቀ እጅ

«እንዲህ ያለች ምራት ከየት ትገኛለች? በሆዳቸው የተሸከሟት ልጅ እንኳ እንዲህ አታደርግም!» አለች ጎረቤቷ፣ ከትሪው ላይ የሻይ ብርጭቆ እያነሳች። ጎረቤቷ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነበር። ሳሎኑ ውስጥ በውሰት ወንበር ላይ የተደረደረው ለቀስተኛ ግን ሁሉንም ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

ልብስ ሰፊዋ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። አማቷ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ይህን ምስጋና ስንት ጊዜ እንደሰማችው ቁጥሩ ጠፍቶባታል፤ በሰማችው ቁጥር ግን ጆሮዋ ይግላል።

«መድኃኒታቸውን በሰዓቱ፣ ምግባቸውን በሰዓቱ፣» ቀጠለች ሲስተር፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዘንበል ብላ። «ሁለት ዓመት ሙሉ! መርፌ ልወጋቸው ስመጣ ጸጉራቸውን እያበጠረችላቸው ነው የማገኛት። አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችባቸውም።»

«ሻይ ልጨምርልሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች፤ ትሪውን አስቀምጣ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ቆየች። ለቀስተኛው የሚያውቀው ያስታመመቻቸውን ሴት ነው። አማቷን፣ እማማን፣ አስታማሚ የሚያስፈልጋቸው ሰው ያደረገቻቸው ግን እሷው ራሷ ነበረች፤ ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እማማ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠቡ፣ ክንዳቸው የጠነከረ፣ ሲስቁ ከውጭ በር የሚሰሙ ሴት ነበሩ። ጡረታ በወጡበት ሳምንት የሆስፒታሉ አትክልተኛ ከርክሞ ከጣለው ክምር ውስጥ የእርሳስ ርዝመት ያላት እንጨት ይዘው መጡ። በዘይት ቆርቆሮ አፈር ሞልተው ሰኳት። ልጃቸው «እማዬ፣ ማገዶ ልታሳድጊ ነው?» ብሎ ቢያሾፍ፣ «አንተስ ስትወለድ ከዚህ ትወፍር ነበር እንዴ?» ብለው አፉን አስያዙት።

በሦስተኛው ዓመት ያቺ እንጨት የጓሮውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ለበሰችው። ግድግዳ ላይ የምትወጣ ጽጌረዳ ነበረች፤ እንደሷ ያለ ለእድገት የቸኮለ ነገር ሰፈሩ አይቶ አያውቅም። በሳምንት ክንድ የሚያህል ቀንበጥ ትመዛለች። ስታብብ አላፊ አግዳሚው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያታል። እማማ መሰላል ላይ ወጥተው ሚስማር ይመታሉ፤ ከምራታቸው የስፌት ቁርጥራጭ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጠብጣብ ጨርቅ እየቀደዱ ቅርንጫፎቹን ከሚስማሩ ጋር ያስራሉ።

«አየሽ ልጄ፣» ይሏታል ከላይ ሆነው፣ «ቀጥ ብላ እንድትወጣ ከተውሻት አናቷ ላይ ብቻ ታብባለች። እንዲህ ወደ ጎን ካጋደምሻት ግን በየአንጓዋ ታብባለች። ደግሞ አጥብቀሽ እንዳታስሪያት። ትወፍራለች፤ ጨርቁ ገላዋን ይቆርጣታል።»

ችግሩ፣ ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበት ክፍል ብቸኛ መስኮት በዚያው ግድግዳ ላይ መሆኑ ነበር። ጽጌረዳዋ በአራተኛው ዓመት መስኮቱን ጨርሳ ሸፈነችው። በጠራራ ፀሐይ አምፖል ማብራት መጣ። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ስትሰፋ ዓይኗ እንባ ያቀራል። «እማማ፣ በመስኮቱ በኩል ትንሽ ይቁረጡልኝ» ስትላቸው «እሺ ልጄ» ይላሉ፤ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ያነሳሉ። ጽጌረዳዋ ግን መቆረጡ እንደ ምርቃት ይሆንላታል፤ ወር ሳይሞላ በእጥፍ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ለሙሽራ የሰፋችውን ነጭ ቀሚስ መስኮቱ አጠገብ ሰቀለችው። ነፋስ ያወዛወዘው ቅርንጫፍ በተከፈተው መስኮት ገብቶ እጅጌውን ከትከሻ እስከ ክርን ተረተረው። ሙሽራዋ በማግስቱ ልትወስደው ነው። ልብስ ሰፊዋ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እማማ መጥተው እጅጌውን ዳበሱና «እሷም ሙሽራ መሆን አምሯት ነው» አሉ። ሊያስቋት ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

በሳምንቱ ባሏ እናቱን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ የዕቃ ሳጥኑ ከአልጋው ሥር አይጠፋም፤ ከፍታ የብረት መጋዙን አወጣች። ከግንዱ ሥር አፈሩን በእጇ ጫረች፤ ከአፈሩ በታች ያለውን ግንድ ቆረጠች። እንዳያቆጠቁጥ ጨው የበዛበት የፈላ ውሃ ሥሩ ላይ ደፋችበት። ከዚያ አፈሩን መልሳ በእግሯ ጠቀጠቀችው። ከላይ ለሚያየው ምንም የተነካ ነገር የለም። እጇን ስትታጠብ ታፏጭ ነበር። ለሌላው ሁሉ ለራሷ ምክንያት ትሰጣለች፤ ለፉጨቷ ግን እስከ ዛሬ ምክንያት አላገኘችለትም።

እማማና ልጃቸው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ በወሩ ተመለሱ ተብለዋል። በአራተኛው ቀን የጽጌረዳዋ ቅጠል ተልፈሰፈሰ። በሳምንቱ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ጀመር። እማማ ግድግዳው ሥር ቆመው ቅጠል በቅጠል ዳሰሷት። ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው ጥቂት ቀናት በፊት፣ ቀንበጡ ላይ ለፈላው አረንጓዴ ተባይ መድኃኒት በጥብጠው ረጭተው ነበር። ልኩን የለኩት በጠርሙሱ ክዳን ነው።

«አብዝቼባት ነው» አሉ። «ክዳኑ ላይ ያለውን መስመር አላየሁትም። በገዛ እጄ!»

ልጃቸው ያን ቀን ከሥራ ተናዶ ነበር የገባው። «ዓይንሽ እንደማያይ እያወቅሽ መርዝ ምን አስነካሽ?» ብሎ ጮኸባቸው። «ነገ ደግሞ ሻያችን ውስጥ ትጨምሪውና ሁላችንንም ትጨርሺናለሽ!»

ልብስ ሰፊዋ የጋለ ካውያ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገረችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ ሻይ አላፈሉም። ምድጃ አልነኩም። የራሳቸውን ክኒን ራሳቸው መቁጠር ተዉ። ወሩ ደርሶ ልጃቸው «እንሂድ ለዓይንሽ» ሲላቸው «ተወው፤ እጄም ከድቶኛል፣ ዓይን ብቻውን ምን ያደርግልኛል» ብለው ከአልጋቸው አልነሳ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ክኒኑን ትቆጥርላቸው፣ ትመግባቸው፣ ታጥባቸው ጀመር። «ተባረኪ ልጄ» ይሏታል። በስፌት ክፍሏ መስኮት ግን ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይገባ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ ልብስ ሰፊዋና የባሏ እህት የእማማን ክፍል ለማሰናዳት ገቡ። የባሏ እህት ሩቅ ከተማ የምታስተምር መምህር ናት፤ የደረሰችው ለቀብሩ ነው። ብርድ ልብሱን አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ ይዘው ማጠፍ ጀመሩ።

«እኔ ወስጄ ባስታምማት እንዴት ደስ ባለኝ፣» አለች መምህሯ። «ስንቴ ለምኛት ነበር፣ እምቢ አለች። ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? ‹የልጅ ልጆቼን ውሃ ማጠጣት እንኳ እፈራለሁ። ያቺን የመሰለች ጽጌረዳ በእጄ ገድያለሁ› ትለኛለች። እኔም በውስጤ፣ ዕድሜ ነው፣ መሳት ጀምራለች አልኩ። እንዳልጫናት ብዬ ተውኳት።»

ልብስ ሰፊዋ የያዘችው የብርድ ልብስ ጫፍ ከእጇ ወደቀ።

«እታለም፣ መድኃኒቱ አልነበረም።»

«ምኑ?»

«ጽጌረዳዋን የገደለው። እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት የሄዱ ቀን ሥሯን በመጋዝ ቆረጥኳት። መስኮቴን ጋርዳብኝ ነበር። እሳቸው ምንም አላጠፉም። ልኩንም አልሳቱም።»

መምህሯ የቀረውን የብርድ ልብስ ጫፍ ደረቷ ላይ እንደያዘች አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ እያየሻት ነበር?»

«ጠዋት ጠዋት ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እገባለሁ። ‹ተባረኪ› ይሉኛል። አፌ ይያዛል።»

«እናቴ እኮ ዓይኗን ያልታከመችው...» አለችና መጨረስ አቃታት። «ወንድሜ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ንገሪው። ዛሬ፣ ሰው ሳይመጣ። እኔ አልነግርልሽም። ይቅር በይኝም እንዳትይኝ፤ አሁን አልችልም።»

ባሏ ደጅ ነበር፤ እግሩ የላላ የውሰት ወንበር ገልብጦ ብሎኑን እያጠበቀ። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ነገረችው። ፉጨቷን እንኳ ሳታስቀር ነገረችው። ቀና ብሎ አላያትም። መፍቻውን ማዞሩንም አላቆመም።

«በእኔ መጋዝ?» አለ።

«በአንተ መጋዝ።»

«ያን ዕለት ምን እንዳልኳት ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እዚያው ቆመሽ።»

«እዚያው ቆሜ።»

መፍቻውን አንድ ዙር፣ ደግሞ አንድ ዙር አዞረው። እንጨቱ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ወንበሩን ትቶ ተነሳ።

«እናቴን ገዳይ አልኳት እኮ» አለ። «ባላጠፋችው። እሷ ደግሞ አመነችኝ።»

ሌላ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮህባት፣ ቢሰድባት በወደደች። እሱ ግን ግድግዳው ሥር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። በሩ ተንኳኳ። የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ፤ ከኋላቸው ሲስተር። ፊቱን በእጁ ጠረገና አስገባቸው።

ሳሎኑ ሞላ። መምህሯ አንድ ጥግ፣ ባሏ ከባልደረቦቹ ጋር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ መቀመጫ አጥታ በሩ አጠገብ ቆመች። ከባልደረቦቹ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ባለቤትህ ናት አሉ ያስታመመቻቸው። እንደሷ ያለውን ያብዛልን» አለ።

«ብታዩት!» አለች ሲስተር፣ ገና ሳትቀመጥ። «እኔ ምስክር ነኝ...»

«ሲስተር፣ በቃ።» የልብስ ሰፊዋ ድምፅ ከጠበቀችው በላይ ጮኾ ወጣ። «እባክሽ ሁለተኛ አታመስግኚኝ። የሚገባኝ ምስጋና የለም። በድያቸዋለሁ።»

ሲስተር ዙሪያዋን አየች፤ ቀጥሎም በአድናቆት ከንፈሯን መጠጠች። «አያችሁ? ይህን ሁሉ አድርጋ እንኳ አነሰ ትላለች!»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። መምህሯ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ከመጀመሪያው ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ባሏን አየችው፤ «ገዳይ አልኳት» ያለው ትዝ አላት። የእሷን ስትናገር የእሱም አብሮ ይወጣል። አፏን ዘጋች። ምስጋናውን ተሸክማው ቆመች።

ባሏ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ አሁንም ቀና አላለም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ግን በዝግታ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። የለቀቀው ቦታ ለአንድ ሰው አይበቃም። ሄዳ በጠርዙ ላይ፣ በግማሽ ጎኗ ተቀመጠች። ከፊቱ እንባ ሳይታይ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በራሷ ትከሻ ተሰማት፤ እንዲደገፍባትም፣ እንዲሸሻትም ሳትጠብቅ፣ አልንቀሳቀስም ብላ ተቀመጠች።