የማን ቀኝ?

ጥያቄውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ጋሼ በሞቱ በሰባተኛው ወር፣ አርባ አንደኛውን የማይክሮስኮፕ መስታወት ከመሳቢያው ስታወጣ ነው። ከትከሻዋ ኋላ ጉሮሮ እንደ መጥረግ ያለ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ «የማን ቀኝ?» አለ። ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ የቧንቧው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ በቀር ቤተ ሙከራው ጭር ብሏል። ጠንቃቃ ሰው ናትና ቀኑን፣ ሰዓቱንና የክፍሉን ሙቀት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ ገጹን ቀደደችና ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

ድምፁን ታውቀዋለች። እንዴት አታውቀው! ጋሼ የሰውን አንጎል ካርታ ለመሥራት ዕድሜያቸውን የሰጡ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ እሷን ከተማሪነት እስከ ተመራማሪነት ያሳደጓትም በዚሁ ጥያቄ እየነዘነዙ ነው። ተማሪ «በቀኝ በኩል» ብሎ ሳይጨርስ፣ «የማን ቀኝ? ያንተ ወይስ የእሱ?» ይላሉ። «እሱ» የሚሉት ትሪው ላይ ያለውን አንጎል ነው። «እሱ ዞር ብሎ አያርምህም። አፍ የለውም። አፉ አንተ ነህ።»

የቤተ ሙከራው ሕግ የወጣው ከዚህ ንዝንዝ ነው። አንጎል ሰም ጠጥቶ ከጠነከረ በኋላ ከፀጉር በቀጠነ ቁራጭ ይቆረጣል። ቁራጩ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከውሃው ላይ በመስታወት ይነሣል። ውሃው ላይ ሳለ ቢገለበጥ ማንም አያውቅም፤ የአንጎል ግራና ቀኝ እንደ ሁለት መዳፍ ይመሳሰላል። ስለዚህ ገና ሳይቆረጥ፣ ረጅም ቀጭን መርፌ በቀኙ በኩል ከፊት እስከ ኋላ ይሰደድበታል። ከዚያ ወዲያ በየቁራጩ ላይ የመርፌዋ ቀዳዳ ትታያለች። ቀዳዳዋ ያለችበት ቀኝ ነው፤ ክርክር የለም። መርፌውን የሚወጋው ሰው የራሱ ቀኝና የአንጎሉ ቀኝ አንድ እንዲሆን ከአንጎሉ ጀርባ ይቆማል። ሁለተኛ ሰው አጠገቡ ሆኖ ጮክ ብሎ «የማን ቀኝ?» ይላል። «የእሱ» የሚል መልስ ካልተሰማ መርፌው አይገባም። ጠያቂው መዝገብ ላይ ይፈርማል።

ጋሼ አንጎላቸውን ለቤተ ሙከራው ተናዝዘው ሞቱ። ኑዛዜያቸው ላይ የእሷን ስም ጠርተው፣ «እሷ ትሥራው፤ እጇ አይቸኩልም» ብለዋል። በቁማቸው ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ምስጋና ነው።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሠራችው። ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አራት መስታወት፣ እያንዳንዱ ላይ ሐምራዊ ቀለም የተነከረ የጋሼ ቁራጭ። በማይክሮስኮፕ ሕዋሶቹ እንዴት እንደተደረደሩ እያየች፣ አንዱ ሰፈር አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን ድንበር በእጇ ሣለች። ጠዋት ስትገባ መሳቢያዎቹን «እንደምን አደሩ» ትላለች፤ ባልደረቦቿ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ። የንግግር ሰፈራቸው ስንት ሚሊሜትር እንደሚረዝም ታውቃለች። ከውስጡ ግን አንዲት ቃል እንኳ አላገኘችም።

በአራተኛው ዓመት ያልጠበቀችው ነገር መጣ። በአብዛኛው ሰው በግራ በኩል የሚሰፋው የንግግር እጥፋት በጋሼ አንጎል የሰፋው በቀኝ ነበር። መጀመሪያ አላመነችም። ሦስት ጊዜ ለካችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰውየው ተገላቢጦሽ ናቸው። ይህን ጽፋ ስም አገኘች፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበላት።

«እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ ምላጩ። ምላጩ የሚሉት የመቁረጫ ማሽኑን ሠላሳ ዓመት የያዘውን ባለሙያ ነው፤ ሰው ቆራርጦ ያልታሰርኩ እኔ ብቻ ነኝ እያለ ይቀልዳል። «እሳቸው እኮ እንደ ሰው አስበው አያውቁም።»

ጥያቄው ግን አልተዋትም። አንዳንዴ በወር አንዴ፣ አንዳንዴ በሳምንት ሁለቴ፣ ሁልጊዜ ከኋላ። በመጣ ቁጥር መዝገቡን ታወጣለች። የዚያን ቀን ገጽ እንዲህ ይላል፦ «መርፌ፦ ቀኝ። ጠያቂ፦» ከጎኑ እንደ ትል የተጠማዘዘ የምላጩ ፊርማ። ተጠይቋል ማለት ነው። መዝገቡን ዘግታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ማጅራቷ ግን እስኪመሽ እንደቀዘቀዘ ይቆያል።

የሣለቻቸው ካርታዎች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ፣ አትላሱ፣ ዓርብ ማተሚያ ቤት ሊገባ፣ ማክሰኞ ከሰዓት የመጨረሻውን ረቂቅ ይዛ የጋሼ ባለቤት ዘንድ ሄደች። እትዬ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩአት።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? እሱ ነው የጨረሰሽ። እኔንም እንዲሁ ነበር የሚያደርገኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ረቂቁን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። በጣታቸው ሥዕሉን ነካ ነካ አደረጉ።

«ይሄ ሐምራዊ ሁሉ እሱ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሺ፣ ሾርባው ጨው የለውም እያለ የሚጨቀጭቀኝ በየትኛው ነው?»

«በዚህ ይመስለኛል» አለች እየሳቀች፤ የንግግሩን እጥፋት አሳየቻቸው።

«ትልቅ ነው» አሉ እትዬ። «ትልቅ እንደሚሆን አውቃለሁ።»

ልትወጣ ስትል በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ሥር የጋሼን ጥቁር ጫማ አየች። ካወለቁት ወዲህ ማንም አላነሣውም፤ ማሰሪያው እንኳ እንደላላ ነው። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አልፋለች። የዛሬው ግን የመስኮቱ ብርሃን በጎን ወድቆበት ነበር፤ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን በብርሃን ነገር ስታይ የኖረች ናት። የቀኙ ጫማ ጫፍ ደህና ነው። የግራው ጫፍ ተፍቆ ቆዳው አልቋል፤ ውስጡ ያለው ጨርቅ ይታያል።

ቁጢጥ አለች።

«እትዬ፣ ይሄ ጫማ ምን ሆኖ ነው?»

እትዬ የበሩን እጀታ በቀሚሳቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር።

«ይንገሩኝ፣ በሞቴ።»

«አስምሎኛል እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ሊሞት ዓመት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ እግሩ እምቢ አለው። በሁለተኛው ቀን ተሻለው፤ ግን ይጎትተው ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው ጮኸብኝ። ጉልበቴን ነው በያቸው አለኝ፣ ከዘራ ገዛ፣ አለቀ። አንጎሌ ታመመ ብሎ ለተማሪዎቹ ሊነግር? እሱ? በምን ሞራሉ?»

«የትኛው እግር?»

«ጫማውን ይዘሽ ትጠይቂኛለሽ? ግራው ነዋ።»

ደረጃውን ወርዳ የመግቢያው ብረት ላይ ተደግፋ ቆመች። እንዲህ ያለ ሕመም አንጎል ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ የጋሼን ጠባሳ ደግሞ ታውቃታለች። ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ የምስር ፍሬ የምታክል አሮጌ ጠባሳ፣ አናት ላይ፣ እግር በሚታዘዝበት ሰፈር። በአትላሱ ላይ በግራ ናት። ከሥሯ «በሕይወት ሳሉ ምልክት ያላሳየች» ብላ ጽፋለች። ግራ አንጎል ግን የሚያዘው ቀኝ እግርን ነው። የንግግር ሰፈር ከሰው ሰው ሊዛወር ይችላል፤ የእግር ትእዛዝ ግን በሁሉም ሰው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተሻግሮ ነው የሚወርደው። የግራ እግራቸውን ከጎተቱ ጠባሳዋ ያለችው በቀኝ ነው። ጠባሳዋ በቀኝ ከሆነች፣ መርፌዋ የገባችው በግራ ነው።

ቤተ ሙከራው ስትደርስ ምላጩ የማሽኑን ስለት በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«ዶክተርዬ፣ ምነው? ሙት ያየሽ ትመስያለሽ። እዚህ ቤት እሱ ብርቅ ነው እንዴ?»

የጋሼን ጫማና የእግራቸውን ነገር ነግራው መዝገቡን ፊቱ ዘረጋችው።

«ይሄ ፊርማ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው። እንዲህ አስቀያሚ አድርጎ የሚፈርም ሌላ ማን አለ?»

«ጠይቀኸኝ ነበር?»

ስለቱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ።

«ያን ቀን ትሪውን አዙርልኝ አልሽኝ» አለ። «ፊታቸው ወደ አንቺ እንዲሆን። አዞርኩልሽ። ልትሰናበቻቸው መሰለኝ። እንባሽ ሲመጣ ባየሁ ጊዜ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ስመለስ መርፌው ገብቷል። ፈረምኩ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምታስታውሰው የመርፌውን ቅዝቃዜና የመድኃኒቱን ሽታ ብቻ ነበር፤ የት ቆማ እንደነበር ጠይቃ አታውቅም። አሁን መጣላት። ከጀርባቸው ቆሞ መውጋት የክህደት ያህል ከብዷት ነበር። ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ ከጀርባ የመቆምን ሕግ ለእሳቸው ስትል ጣሰች። ቀኝ ብላ ወጋች። የራሷን ቀኝ።

«አልጠየቅከኝም» አለች።

«ማንን? አንቺን? ከእኔ በላይ የምታውቂውን?» አለ። «ደግሞስ ማን ያውቃል? እትዬ፣ እኔ፣ አንቺ። ጫማ ቀርቦ አይመሰክር። ዓርብ ይታተማል፣ በቃ።»

ሁለት የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች አትላሱ ገና ሳይወጣ ሥዕሎቹን እንድትልክላቸው ጽፈውላታል፤ አንደኛው የንግግር ሰፈርን ሳይነካ ዕጢ ለማውጣት እንደሚጠቀምበት ነግሯታል። እርማቱ ሥዕሉን በኮምፒውተር ገልብጦ ማተም ብቻ አይደለም። ስም የተሰጠው ድንበር ሁሉ፣ የተለካው ልኬት ሁሉ፣ ያ ጭብጨባ፣ ያ ስሟ ከሥሩ ይነቀላል። ሌላው ደግሞ ለማንም የማትናገረው ነው፤ ጋሼ ተገላቢጦሽ መሆናቸውን ወድዳው ነበር። ሃያ ዓመት ያልገቧት ሰውዬ በመጨረሻ የገቧት መስሏት ነበር።

ጠባሳዋ ያለችበትን መስታወት አወጣች። ማይክሮስኮፑ ሥር ከማስገባቷ በፊት ገለበጠችው፤ ቁራጩ ወደ ታች፣ የመስታወቱ ጀርባ ወደ ላይ። ምስሉ በመስታወቱ ውፍረት ምክንያት ደብዝዟል። ቦታ ቦታው ግን ተስተካክሏል። ሰፊው በግራ፣ ጠባሳዋ በቀኝ። ተራ አንጎል ነው። እንደ ማንኛውም ሰው።

«የማን ቀኝ?» አለ ከኋላዋ።

መዝገቡን አላነሣችም።

«የእኔ» አለች ጮክ ብላ። «የእኔ ነበር፣ ጋሼ።»

ምላጩ አፍጥጦ አያት። እሷ ስልኩን አንሥታ ማተሚያ ቤት ደወለች። አርታኢው ስንት ቀን ልናዘገየው ነው ብሎ ጠየቃት። «ቀን አይደለም» አለችው፤ «አራት ዓመት፣ ምናልባት አምስት። የጻፍኩትም ሐሰት ነበር፣ ደብዳቤ እልካለሁ።» በወዲያኛው ጫፍ ብዙ ተጮኸ። እስኪያበቃ ጠብቃ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ የመጀመሪያውን መሳቢያ ሳበች። የመጀመሪያውን መስታወት አወጣችና እርሳስ አነሣች።

«ና፣ አጠገቤ ቁም» አለችው ምላጩን። «ሕጉ ሁለት ሰው ነው።»

«ሰባት ሺውን በሙሉ?»

«ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አራቱን። ጠይቀኝ።»

ምላጩ ቀኑን ሙሉ እንደሮጠ ሰው ተነፈሰ። ከንፈሩን አረጠበ።

«የማን ቀኝ?»

«የእሳቸው» አለች፤ አሮጌውን «ቀኝ» የሚል ጽሑፍ ሰርዛ በሌላው ወገን ጻፈች።

ከኋላቸው ጉሮሮ እንደ መጥረግ ያለ ድምፅ ተሰማ። እሷ ቀና አላለችም፤ ሁለተኛውን መስታወት እያወጣች ነበር። በዚህ ጊዜ ዞር ያለው ምላጩ ነው።