የሑስና ጨዋነት

በሰፈሩ ጨዋ ከተባሉ ልጆች ሁሉ ሑስናን የሚያህል አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ከእናቷ ከፈውዚያ ቀሚስ ኋላ ትገባለች፤ ስሟን ሲጠይቋት መሬት መሬት ታያለች። ጎረቤቱም ተደንቆ «ማሻአላህ፣ አስተዳደግ እንዲህ ነው» ይላል። አባቷ ዛኪር ምስጋናውን ያለ አንዳች እፍረት ይቀበላል። እሱ አዳማ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው፤ «ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ» ብሎ ሲጣራ ሞጆ ያለ መንገደኛ ሻንጣውን ያነሳል። ከእንዲህ ያለ ጉሮሮ እንዲህ ያለች ዝምተኛ መውጣቷን የአላህ ጥበብ ነው ብሎ ተቀምጦ ነበር።

ጥበብ ሳይሆን ችግር መሆኑን የነገረችው የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና አማካሪ ጂቱ ናት። ሑስና ሽንት ቤት ልሂድ ብላ ለመጠየቅ ፈርታ ክፍል ውስጥ ልብሷን አርጥባ ነበር። ልጆቹ ሳቁባት፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አልጋ ላይ ተጠቀለለች።

«ይሄ ጨዋነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው» አለች ጂቱ። «‹ብናገር እሳሳታለሁ፣ ይስቁብኛል› የሚል ሐሳብ አፏን ዘግቶታል። ሐሳቡ እውነት ይሁን አይሁን ራሷ ሞክራ ማየት አለባት፤ ከቀላሉ ጀምራ፣ በትንሽ በትንሹ። እናንተ ደግሞ ሰው ሲጠይቃት አትመልሱላት፣ ጠብቋት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ዛኪር ከቢሮው ሲወጣ ለሚስቱ «ለእንቁላሉ ተረት ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው?» አላት።

በትንሽ በትንሹ የሚባል ነገር በእሱ ሙያ የለም። መኪና ከአዳማ ከተነሳ መድረሻው መድረስ ነው እንጂ በየቁጥቋጦው ሥር አይቆምም። ስለዚህ ቅዳሜ ሑስናን መናኸሪያ ወሰዳትና ወንበር ላይ አቆማት። «በይ የኔ ጀግና፣ ‹ሶደሬ› ብለሽ ተጣሪ። አንዴ ከወጣልሽ አለቀ» አላት። ተሳፋሪው ከበበ፣ ረዳቶቹ አጨበጨቡ፣ አንድ ርኅሩኅ ሰውም «አይዞሽ ሚጡ» እያለ ሊቀርጻት ሞባይሉን ደቀነ። ሑስና አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ቁርሷ ነበር።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ዛኪር የሚለቅመውም አጣ። ሑስና ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ እንኳ እሱን ማናገር ተወች። በር ላይ እየተንጫጫች የምትቀበለው ልጅ፣ አሁን ሲገባ ወደ ጓዳ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ከተማ የሚያደነቁረው ሰው ማታ ሶፋው ላይ ሆኖ የልጁን ድምፅ በግድግዳ በኩል ያዳምጥ ጀመር። በራሱም አፈረ።

ጂቱ ጋ ተመልሶ «እንቁላሏን እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አላት። እሷም ሳትስቅ ነገረችው።

መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ከሑስና ጋር አንድ ትንሽ ነገር መረጡ፤ ከሰፈሩ ባለሱቅ ከአብተው ዳቦ መግዛት። ቤት ውስጥ ዛኪር ባለሱቅ፣ ፈውዚያ ደንበኛ ሆነው ተጫወቱ፤ ኋላ ሑስናም ገባችበት።

«ጋሼ አብተውን ብታናግሪው ምን የሚሆን ይመስልሻል?» አላት።

«ይስቅብኛል።»

አይስቅም ብሎ ሊምልላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጂቱ ግን አትማልላት ብላዋለች። «እንግዲህ እናያለን» አለ።

ሱቁ ሲደርሱ ያስቸገረው የሑስና ፍርሃት ሳይሆን የሰፈሩ ደግነት ነው። አብተው ገና ከሩቅ ሲያያት ዳቦውን በፌስታል ቋጥሮ ዘረጋላት። በማግስቱ ዛኪር ቀድሞ ሄዶ «እስክትጠይቅህ እንዳትሰጣት» ብሎ አስጠነቀቀው፤ አብተውም እሺ ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ። ከኋላ የቆሙት ጎረቤታቸው እትዬ የሺዓለም ግን ምንም አልተነገራቸውም።

«ዳቦ እኮ ነው የምትፈልገው፣ ስጣት እንጂ። ምን አድርጋችሁ ነው ልጅ የምታስጨንቁት?» አሉ።

ሌላውም ደንበኛ አጉረመረመ። ሑስና የሱቁን መስኮት ብረት ይዛ ቆማለች፤ ጆሮዋ ቀልቷል። ዛኪር ጉሮሮውን በላው። አንዲት ቃል ብቻ፣ «ዳቦ» ብቻ ቢልላት ሁሉም ይገላገል ነበር። አላስችል አለውና አፉን ከፈተ።

ሑስና ዞር አለች። «አባ፣ ዝም በል» አለችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። «ጋሼ አብተው፣ ዳቦ ስጠኝ። የትናንቱ ደረቅ ነበር።»

አብተው ሳቀ። ያውም ከሆዱ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ዛኪር ክው አለ፤ ይኸው የፈራችው መጣ። ሑስና ባለሱቁን ቀና ብላ አየችው፣ ስቆ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ዳቦውን ተቀብላም በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

«ይሄ ይሻላል» አለችና ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

እትዬ የሺዓለም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ወደ ዛኪር ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ ይቺ ልጅ ጨዋ አልነበረችም እንዴ?»

«ነበረች፣ እትዬ» አለ ዛኪር። «አሁን አልሐምዱሊላህ ድናለች።»