የወለተ ሐዋርያት ቋጠሮ

ደምለውና ምሥራቅ ሲፋቱ ሽማግሌዎች በሬውንም እህሉንም፣ ዶሮው ሳይቀር፣ እኩል አካፈሏቸው። ተራው የልጅቷ ሲሆን አባት «ከእናቷ ትሁን» አለ፤ እናት ደግሞ «ከአባቷ» አለች። ለዶሮ የተጣሉ ሰዎች በልጃቸው ተገባበዙ! የሰባት ዓመቷ ወለተ ሐዋርያት ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። በነጋታው ምሥራቅ፣ ልጄ እንዳታለቅስ ብላ፣ በተኛችበት ጥላት ወደ ቁይ ከተማ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ዝም አለች።

«ቡዳ በልቷት ነው» ተባለና ሰባት ቀን ተጠመቀች። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ግን ልጅቷን የበላት ማን እንደሆነ አላጣሁትም። ስሜ የብርጓል ነው፤ የክርስትና እናቷ ነኝ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው፤ ባልም ልጅም የለኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ «በሰማንያ ቀኗ የታቀፍኳት እኔ ነኝ፤ እኔው እወስዳታለሁ» አልሁ። የተከራከረኝ የለም።

ቤቴ ስትገባ የልብስ ቋጠሮዋን አልፈታችም፤ ተንተርሳው ትተኛለች። ስጠራት ትመጣለች፣ ስሰጣት ትበላለች፣ ድምፅ ግን የለም። ዝምታ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ሁለት ሆኖ ዝም ማለት ግን ከብቸኝነትም ይከፋል።

አንድ ቅዳሜ በርበሬ ልሸጥ አምበር ገበያ መሄድ ነበረብኝ። እንዳትባባብኝ ብዬ፣ ሳትነቃ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ቋጠሮዋን አቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ያስቀመጥሁላት ምሳ አልተነካም።

«ከጧት ጀምሮ ከዚያ አልተነሣችም» አለኝ ጎረቤቴ እንዳላማው።

እናቷን ስረግም ከርሜ እኔም እንደ እናቷ ተደብቄ ሄድሁ! አፈርሁ። ፊቷ ተንበረከክሁ።

«ሲሄዱ ይንገሩኝ» አለች። ድምፅዋ ጎርንኗል። እዚያው አለቀስሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀሰቀስኋት።

«አምበር ልሄድ ነው፤ ከብት ሳይገባ እመለሳለሁ።»

ቀሚሴን ይዛ አለቀሰች። እጇን ቀስ ብዬ አስለቅቄ ሄድሁ። ስመለስ ኃይለኛ ዝናብ ያዘኝ፤ ወንዙ እስኪጎድል ቆምሁ። ጭቃ ለብሼ እየሮጥሁ ስደርስ ደጃፉ ላይ ማንም የለም።

ገባሁ። ቀሚሷ ከነጠላዬ አጠገብ ተሰቅሏል፤ የቋጠሮው ጨርቅ ታጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ወለተ ሐዋርያት ምድጃው ዳር ቆማ አፈጠጠችብኝ።

«ከብት ገብቷል እኮ፤ ዘገዩ!» አለችኝ ተቆጥታ።

በዕድሜዬ ሙሉ ዘገየሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።