ከነአጥሩ

የዋጋ ማቅረቢያዬ አሥራ ሰባት ገጽ ነበር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ግማሽ ግማሽ ወረቀት እንዳስገቡ ቆይቼ ሰማሁ፤ አንደኛውማ ወረቀትም አላስፈለገው፣ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ዋጋውን በስልክ ነው የተናገረው። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማኔጅመንት የተማርኩ ሰው ነኝ። ማውጫ ሁሉ አድርጌለታለሁ። ማውጫ ያለው የልስንና የቀለም ዋጋ በሀብሩ ወረዳ ከዚያ በፊት ታይቶ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ሥራው መርሳ ላይ፣ በዋናው መንገድ ዳር የሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቱ ጋሼ ዘውዱ የግራና ከተማ ሰው ናቸው፣ የማሾ ነጋዴ። ግንቡ አልቋል፤ የቀረው ከውስጥም ከውጭም መለሰንና መቀባት ነው። ልስንና ቀለም የባለቤቴ የመልካሙ ሥራ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ የሥራ ፈቃዱን ወደ ስሜ አዛወርኩት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የምለው ስለ ሠራተኞቹ ነው። ካሳሁን ከመልካሙ ጋር ከጅምሩ የሠራ ፎርማን ነው፤ ለሳኞቹ የሚሰሙት እሱን ነው። ከፋሲካ በኋላ ወልድያ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ልጆቹ ሥራ ፈተዋል። ኮምቦልቻ አንድ ተቋራጭ ሁላችንንም እፈልጋችኋለሁ ብሏል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ያለነሱ ማንን ይዤ እለስናለሁ? የመርሳው ሥራ ከተገኘ እንቆያለን። ካልተገኘ ግን…»

ካልተገኘ የሚተርፈኝ አንድ ፈቃድ፣ አንድ ማኅተምና ግቢዬ ውስጥ የተከመረ የባሕር ዛፍ መወጣጫ መሆኑን አልነገረኝም፤ ይሉኝታ ያውቃል። አሥራ ሰባት ገጽ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሰው ሲፈራ ገጽ ያበዛል።

በተለይ የኮራሁት ከዋጋው ጋር ባያያዝኩት ረቂቅ ውል አንቀጽ ዘጠኝ ነበር። «በዚህ ውል በግልጽ ያልተዘረዘረ ማንኛውም ሥራ በዋጋው ውስጥ እንደተካተተ አይቆጠርም» ይላል። ለብቻዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ለካሳሁንም አነበብኩለት።

«ጥሩ ይነበባል» አለኝ።

ሰነዱን ካስገባሁ በኋላ ጋሼ ዘውዱ ደወሉ። «ልጄ፣ መጽሐፍሽ ደርሶኛል። አሁን ደግሞ ነይና ቤቱ ሥር ቆመን እንነጋገር።»

ካሳሁንና እኔ በሚኒባስ ወረድን። ቤቱ ጋ ስንደርስ ጋሼ ዘውዱ እናታቸውን እማማ ታደለችን አምጥተው፣ የተደረደረ ብሎኬት ላይ ጋቢ አንጥፈው አስቀምጠዋቸዋል። ከመንገዱ ማዶ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ኡበይደላም ለምስክርነት ተጠርቶ መጥቷል። ዋጋው ላይ ትንሽ ተጓተትን። እሳቸው ቀነሱ፣ እኔ ጨመርኩ፣ ኡበይደላ «እንዲያው ለኔ ስትሉ» እያለ መሐል ገባ፤ በመጨረሻ ተቆረጠ። ከዚያ እማማ ታደለች ሊመርቁ ተነሡ።

እኛ ጋ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ አዛውንት ሳይመርቅ ከቦታው የሚንቀሳቀስ የለም። ምርቃቱ ደግሞ መልካም ምኞት ብቻ አይደለም። ሥራው እየተጠራ ይመረቃል፤ የሚሠራው ሰው አሜን ካለ ተቀብሏል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። መልካሙማ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ምርቃት ሊጀመር ሲል ሁልጊዜ ስልክ ይደወልለታል። «ይቅርታ፣ አንዴ» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፍና፣ በሌላኛው ጆሮው እያዳመጠ፣ የሚስማማው ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ብቅ ብሎ አሜን ይላል። የሚደውልለት ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ዓመታት ቆይቼ ነው።

«የመልካሙን ነፍስ ይማርልሽ» አሉ እማማ ታደለች፣ እጃቸውን ዘርግተው።

«አሜን።»

«ለልጆቹ ያቁምሽ።»

«አሜን።»

ከዚህ በኋላ መሬት መሬቱን ነበር የማየው። አሸዋው ውስጥ የተጣመመ ሚስማር ወድቋል። እሱን በጣም በጥንቃቄ አየሁት።

«ግድግዳው ይጽናልሽ፣ ቀለሙ አይላጥብሽ።»

«አሜን።»

«ከነአጥሩ ያስፈጽምሽ።»

«አሜን» አልኩ። ጮክ ብዬ።

ካሳሁን ሳል ያዘው። ስንመለስ፣ ሲሪንቃን ካለፍን በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«እታለም፣ አጥሩን አይተሽዋል?» አለኝ።

«የቱን አጥር?»

«ከአስፋልቱ ይነሣና በጓሮ በኩል እስከ ማንጎዎቹ ይሄዳል። ከዚያ ይታጠፋል።»

«ብሎኬት ነው?»

«ብሎኬት ነው። በሁለቱም ፊቱ ያልተለሰነ።»

«ውሉ ላይ የለም» አልኩት። «አንቀጽ ዘጠኝ አለ።»

«እሱማ አለ» ብሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

እስከ መፈራረሚያው ቀን ድረስ ራሴን ሳጽናና ሰነበትኩ። የተጻፈ ውል ከአፍ ቃል እንደሚበልጥ በዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፤ ፈተናውም ላይ መጥቶ ነበር፣ በትክክል መልሻለሁ።

የተፈራረምነው ኡበይደላ ሱቅ ውስጥ፣ በሲሚንቶ ከረጢቶች መሐል ነው። እማማ ታደለች ልጃቸውን ተከትለው መጥተው በር አካባቢ ተቀምጠዋል። ጋሼ ዘውዱ መነጽራቸውን አድርገው ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ያን ሁሉ ገጽ ሰው አንብቦ ይጨርሰዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«አጥሩን አጣሁት» አሉ።

«ጋሼ፣ አጥሩ ዋጋው ውስጥ አልነበረም።»

«እናቴ መርቃሽ አሜን አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ወላሂ እኔም ሰምቻለሁ» አለ ኡበይደላ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «እንዲያውም አብሬ አሚን ብያለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አለው ካሳሁን። «ሲሚንቶ የምትሸጠው አንተ!»

«ለዚያ አይደል እንዴ አጥብቄ ያልኩት!»

አንቀጽ ዘጠኝን አነበብኩላቸው፤ ረጋ ብዬ፣ በጥሩ ድምፅ። ጋሼ ዘውዱ ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አሜን ያለውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ሁለታችሁ ተስማሙና ንገሩኝ።»

ኡበይደላ ከረጢት ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ካሳሁን ሳቁን ለመደበቅ የሚስማር ዋጋ ማንበብ ጀመረ። ጋሼ ዘውዱ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ አንቺን ለማጥቃት አይደለም» አሉ። «የእናቴ ምርቃት የፈረሰበት ቤት እንግዳ አላሳድርበትም። አጥሩ ካልገባ ሌላ ሰው አያለሁ።» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ካሳሁን ቀና ብሎ አየኝ። ኮምቦልቻን ፊቱ ላይ አነበብኳት።

ያን ዕለት ለምን አሜን እንዳልኩ፣ ሐሳቤ የት እንደነበረ ብናገር ኖሮ፣ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ይተውልኝ ነበር። እማማ ታደለች ምናልባት ያለቅሱልኝ ነበር። ነገር ግን በአዘኔታ ያገኘሁትን ሥራ ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሠራተኞቼንስ እንዴት አዝዝበታለሁ? ስለዚህ ዞር ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

«እማማ፣ ከነአጥሩ ያስፈጽምሽ ብለው መርቀውኛል።»

«አዎን ልጄ። መረቅሁሽ።»

«አሜን ብያለሁ፣ አልክድም። ሲሚንቶውንና አሸዋውን ከማን ነው ያሉት?»

አሮጊቷ ግራ ተጋቡ። «ሲሚንቶ? እኔ ሲሚንቶ አልጠራሁም።»

«ቀለሙንስ? የአጥሩን?»

«አልጠራሁም አልኩሽ! የልጄን አጥር ሲሚንቶ አንቺ ምን ቤት ነሽና ትገዣለሽ? እጁ ያንቺ ነው። አጥሩ የሱ ነው።»

«እማዬ!» አሉ ጋሼ ዘውዱ።

«ምን እማዬ? የመረቅሁት እኔ፣ የምትተረጉመው አንተ?»

«አላህ ይስጥዎት እማማ» አለ ኡበይደላ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ዕቃው የጋሼ፣ ጉልበቱ የሷ። ተጨረሰ።»

«ዕቃው ደግሞ ካንተ ሱቅ» አለ ካሳሁን።

«ከየት ሊመጣ ኖሯል ታዲያ?»

ጋሼ ዘውዱ እናታቸውን አዩ፣ ኡበይደላን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥተው ሰጡኝ። «ጻፊያ። አንቺ መጻፍ አይሰለችሽ።»

በአንቀጽ ዘጠኝ ሥር፣ ኮምፒውተሬ ባላወቀው የእጅ ጽሑፌ፣ የአጥሩ ጉልበት ከእኔ፣ ዕቃው ከአሠሪው መሆኑን ጨመርኩ። እየጻፍኩ በጭንቅላቴ አሰላሁት። ለዚህ ሒሳብ ኮምፒውተር አላስፈለገኝም፤ ትርፍ ያልኩት ነገር ሁሉ ከአስፋልቱ ተነሥቶ፣ በጓሮ በኩል ሄዶ፣ ማንጎዎቹ ጋ ታጥፎ አለቀ። ተቋራጭ በሚለው ቦታ ላይ ስሜን ፍሬሕይወት ብዬ ፈረምኩ። ማኅተሙን ግን ገልብጬ ነው የመታሁት፤ ኡበይደላ አዙሮ አስመታኝ።

ስንወጣ ካሳሁን አስፋልቱ ዳር ቆሞ ለልጆቹ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ስለከፈተው ሁሉንም እሰማለሁ።

«ኮምቦልቻ ቀርቷል። ተፈርሟል።… አዎ፣ ልስንና ቀለም። አጥርም አለ።»

«አጥርም?» ከወዲያ በኩል ጩኸትና ፉጨት ተሰማ። የቀን ሒሳባቸውን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ለእነሱ አጥር ማለት ተጨማሪ የሥራ ቀን ነው። ይህን ጉዳይ በአሥራ ሰባቱ ገጽ ውስጥ የትም አላሰብኩትም ነበር።

«ረጅም ነው?» አለ አንዱ።

«ረጅም ነው። ይታጠፋልም።»

«የዘውዱ አጥር ከሰነዱ ውጭ ነው አላልከንም ነበር? እንዴት አገኘችው?»

ካሳሁን ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ሚኒባስ የምጠብቅ መሰልኩ።

«በጸሎት ነው» አላቸውና፣ ነገ ጠዋት መወጣጫውን ለመጫን ግቢዬ እንዲገኙ ነገራቸው።