አይስክሬም ከነጥርሱ

ጡረተኛው ሹፌር በሥራ ዘመናቸው ለማንም ቆመው አያውቁም። ሰዓቱ ከደረሰ አውቶቡሱን ማስነሳት ነው። አንዴ እንዲያውም የገዛ አማታቸውን ከነጓዛቸው መናኸሪያ ጥለዋቸው ሄደዋል። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪሞቱ ድረስ ይህን ነገር ከአፋቸው አልጣሉትም።

ዛሬ ግን እኚሁ ሰው ራሳቸው ተሳፋሪ ናቸው። አውቶቡሳቸው ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሻንጣቸው በር ላይ ቆሟል፤ እሳቸው በጠዋቱ ክራባታቸውን አስረው ወጥ ቤት ውስጥ ማንጎ ይልጣሉ። ያዘዘቻቸው የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ናት። እሳቸው "አለቃ" ይሏታል። ሌላ ስም አላት፤ ጠባይዋን ግን አይመጥንም።

"ከመሄድህ በፊት አይስክሬም እንሠራለን ብለሃል" አለቻቸው ገና ዓይኗን ሳትገልጥ። ማለታቸው እውነት ነው። አያት ሲባል አፉ ቀድሞት የሚሄድ ፍጡር ነው።

ነርሷ ልጃቸው ሆስፒታል ስትውል፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ተዘግቶ፣ ልጅቷን ሲጠብቁ ሁለት ወር ከረሙ። ሰኞ ይከፈታል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ በሁለት ወር እንግዲህ ዝገትም አይተርፍ። ስለዚህ ትናንት ማታ "እንግዲህ ልሂድ" አሏት ልጃቸውን፣ "ኧረ ቆይ!" እንድትላቸው። እሷ ልብስ ማጠፏን ሳታቆም "እንደፈለግክ አባዬ" አለች። እንደፈለግክ! ቤታቸው የሚጠብቃቸው አንድ ወንበርና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው። ይህን አፍ አውጥቶ ከመናገር ግን ምላስን መዋጥ ይቀላል።

ማንጎው ተልጦ መፍጫው ውስጥ ገባ። አለቃ ክዳኑ ሳይገጠም ቁልፉን ተጫነችው፤ የማንጎው ሲሶ ጣሪያው ላይ፣ ጥቂቱ ክራባቱ ላይ ዋለ። የቀረውን ሲቀምሱት ክሩ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ውስጥ ተሰነቀረ፤ ጥርሳቸውን አውልቀው ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ እሳቸው ጭማቂውን ግልጽ የፕላስቲክ ኩባያዎች ውስጥ ሲያንቆረቁሩ፣ እሷ በየመሐሉ ማንኪያ ሰካች።

"አባባ፣ ለምንድነው ፍሪዘር የምናስገባው?"

"እንዳይሄድብን ነዋ! ጭማቂ ትንሽ ካጋደልሽው ይሄዳል። ከቀዘቀዘ ግን የትም አይሄድም፣ ባለበት ይቆያል።"

"ሁሉም ነገር?"

"ሁሉም።"

አለቃ ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ አያት ግን ክራባት ሊቀይሩ ቸኩለው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሻንጣ ፈትተው፣ ሌላ ክራባት መርጠው፣ ዳግም ቆልፈው ሲመለሱ ኩባያዎቹ ፍሪዘር ገብተዋል። ብርጭቆው ባዶ ነው።

ፍለጋው እስከ ምሳ ዘለቀ። አልጋ ሥር ተፈለገ፤ ቆሻሻ መጣያው ተገለበጠ፤ ካልሲ ተራገፈ። ሰውዬው ያለ ጥርስ ለጎረቤት ድመት እንኳ አይታዩም፤ እንኳን ለአንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው። አለቃ ወንበር ላይ እግሯን እያወዛወዘች ታያቸዋለች።

"ጥርስ ከሌለህ አውቶቡስ ላይ አትወጣም፣ አይደል?"

ቀና ብለው አዩዋት። ቀጥ ብለው ሄደው ፍሪዘሩን ከፈቱ። ሦስተኛው ኩባያ ውስጥ፣ ከማንኪያው አጠገብ፣ የገዛ ጥርሳቸው በማንጎ ተከቦ እየሳቀ ተቀምጧል።

"አንቺ ዓይንሽን በጨው ያጠብሽ…" ብለው ሳይጨርሱ የልጅቷ ከንፈር ተንቀጠቀጠ።

"እንዳትሄድ ነው" አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ባለበት ይቆያል ብለሃል።"

ከትልቅ ሰው የጠበቁት ቃል ከዚህች መጣ። ኩባያውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ጥርሱ ወዲያው እንደሚላቀቅ አላጡትም። ፍሪዘሩን መልሰው ዘጉት።

ልጃቸው ከሥራ በጥድፊያ ገባች፣ የመኪና ቁልፏን እንደያዘች።

"አባዬ፣ ተነስ እንጂ፣ ሰዓቱ ደረሰ!"

"ጥርሴ ጠፋ" አሉ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው።

"እንዴት ይጠፋል?" መሳቢያውን ከፈተች፣ ሶፋውን ገለበጠች። የልጇን ዓይን ተከትላ በመጨረሻ ፍሪዘሩን ከፈተች። ቅዝቃዜው ፊቷ ላይ እየተነነ ብዙ ቆመች። አለቃ የአያቷን ሱሪ ጫፍ ጨብጣለች።

ልጃቸው ፍሪዘሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

"እዚህም የለም" አለች፣ የመኪና ቁልፏን አስቀምጣ። "ቤትህ የናፈቀህ መስሎኝ ነበር እኮ፣ አባዬ። በቃ፣ እስኪገኝ ድረስ የትም አትሄድም።"

"እንደፈለግሽ" አሉና ክራባታቸውን መፍታት ጀመሩ።