ባዶውን የሚዞር መጋዝ

ታላቅ ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ጥቁር ድንጋይ ሲቆርጥ ኖሮ አንድ ነገር ተመኘ፤ ድንጋዩ የሚወለድበትን ቦታ ማየት። ልጁ አስተማሪ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያላት እሱና እኔ አጎቷ ብቻ ነን። አንድ ቀን በባሕር መሀል ያለች፣ ተራራዋ ዛሬም እሳት የሚተፋ ደሴት በስልኳ አሳየችው። ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ አየው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሥራ ቤታችን ትመጣለች። መሮና መዶሻውን ገፋ ታደርግና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች። በትልቁ አውሮፕላን እስከ ወደብ ከተማው፤ እዚያ አራት ሰዓት ጠብቆ በትንሿ አውሮፕላን ወደ ደሴቷ፤ ከተራራው ግርጌ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል፤ በሦስተኛው ቀን ከመሪ ጋር እሳቱ እስከሚታይበት አፋፍ። ወንድሜ የመስኮት ወንበር ካልሆነ አልሄድም አለ። መስኮቱ ይከፈታል ወይ ብሎ ጠየቃትና በሳቅ ፍርስ አለች። እኔም ሳቅኩ። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

እኔ ብዙ አልናገርም፤ እሱ «አባ ጆሮ» ይለኛል። መጋዙ ድንጋይ ሲይዝ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ያጉረመርማል። ባዶውን ሲዞር ግን ያፏጫል። ልጅቷ በመጣች ቁጥር ወንድሜ ከመሀል ብድግ ይልና «አንዴ ይቺን ልጨርስ» ብሎ፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ መጋዙን ያስነሳል። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ልብ አላልኩም። በአራተኛው ሰማሁት፤ መጋዙ ያፏጫል። በበሩ ክፍተት ሳይ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ በሌላው አፉን በጨርቅ አፍኖ፣ ጎንበስ ብሎ ይስላል።

ልጅቷ ስትሄድ ጠየቅኩት። አቧራ ነው አለ። ሐኪም ዘንድ ሄደህ እንደሆነ ንገረኝ ብዬ ስይዘው፣ ሄዶ ኖሯል። ሳንባው ተበልቷል። ደረጃ እንኳ ቀስ ብሎ እንዲወጣ፣ ጭስ ባለበት ዝር እንዳይል ታዟል። ቀልድ አስመስሎ ነው የነገረኝ፤ ድንጋዩን የምቆርጠው እኔ መስሎኝ፣ ለካ እሱም ሲቆርጠኝ ኖሯል አለ።

«ጋሼ፣ የዚያ ተራራ ጭስስ?» አልኩት።

«አባ ጆሮ፣ ትንፍሽ እንዳትል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ይቺ ልጅ እንዲህ ስትስቅ አይተሃታል?»

አላየኋትም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ስጸልይ እንኳ ስሙን ጠርቼ ሳንባውን ሳላነሣ አለፍኩ፤ ከአምላክም የምደብቀው ይመስል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ አንድ ቅጽ ይዛ መጣች። ሰው ወደ ተራራው የሚያወጡት ናቸው የላኩት። ጥያቄውን እያነበበች፣ እሱ እየመለሰ፣ ትሞላለች። ዕድሜ። የጫማ ቁጥር። የልብ ሕመም፤ የለም።

«አባዬ፣ የመተንፈስ ችግር አለብህ?»

«የለብኝም» አለ። ወዲያው ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ብድግ ብሎ፣ አንዴ ይቺን ልጨርስ ብሎ ገባ።

የመጋዙ ገመድ በበሩ ሥር አልፎ የሚሰካው እኔ ከተቀመጥኩበት አጠገብ ነው። አምላኬን ምን ብዬ እንደለመንኩት አላስታውስም። ነቀልኩት።

ማብሪያው ጠቅ ሲል ተሰማ። እንደገና ጠቅ። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ከውስጡ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ የሚመስል ረጅም ሳል። ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። ሳሉ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«አጎቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደድኩ።

«ሳቋን ወሰድክባት» አለ።

እሷ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እጁን ይዛ አስቀመጠችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ ትመጣለች። የደሴቷን ነገር ማንም አያነሣም። መጋዙን አሁን የምሠራበት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱ ደጅ ይቀመጣል። እኔን አያናግረኝም ነበር።

በረራው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ያን ቀን ለተራራው የተገዛለትን አዲስ ጫማ አድርጎ መጣና ደጁ ላይ ተቀመጠ። አውሮፕላኑ በሚነሣበት ሰዓት ድንጋይ እየቆረጥኩ ነበር። ከደጅ ድምፁ መጣ።

«መጋዙ ደንዟል፣ አባ ጆሮ። አይሰማህም?»

የመጋዙን ዲስክ የቀየርኩት በዋዜማው ነበር። ቢሆንም አጥፍቼው ወጣሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።