ሙሽራዋ የምትዘልበት ቦታ

«ባሕር ውስጥ መዝለል እፈልጋለሁ» አለች ሳልሃ።

የቢ ሩዙና እጅ የሰንደል ቅባቱን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። «ምን? ምን አልሽኝ?»

«ከግንቡ ላይ ሆኜ፣ ተንደርድሬ፣ ቧ! አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሶሞ።»

ጥፋቱ የራሳቸው ነው፤ ማንን ይወቅሳሉ? ልጅቷ ሦስት ቀን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትተክዝ አይተው፣ «የልብሽን ንገሪኝ፣ ወላሂ የጠየቅሽኝን አደርግልሻለሁ» ብለው የማሉት እሳቸው ናቸው። የእጅ አምባር ትጠይቃለች ብለው ነበር፣ ቢበዛ ደግሞ ጓደኞቿ መጥተው እንዲያድሩላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ሶሞ ሆኖ እንዲህ ያለ መሐላ መማል እብደት ነው። የሶሞ ሥራ ሙሽራን ከኒካህ በፊት ሳምንቱን ሙሉ ቤት ዘግቶ መጠበቅ ነው፤ ፀሐይ እንዳይነካት፣ ነፋስ እንዳይመታት፣ የወንድ ዓይን እንዳያርፍባት። ገላዋን ጠዋት ማታ በሰንደል ማሸት፣ የባልና የቤት አያያዝ ማስተማር። በዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ ቢ ሩዙና ያላሿት ሙሽራ እንደ ሙሽራ አትቆጠርም። ታዲያ ይቺ ጉደኛ ያን ሁሉ ሰንደል ወስዳ ጨው ውሃ ውስጥ ልትዘፈዝፈው ነው!

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ? እሑድ ኒካህሽ ነው እኮ!»

«ለዚያ እኮ ነው» አለች ሳልሃ። «ሰኞ ዶዶማ ነኝ። ዶዶማ ባሕር አለ? አቧራ ነው ያለው። እስከ አስራ አንድ ዓመቴ በየቀኑ ነበር የምዘለው። አንድ ቀን አክስቴ መጥታ ጆሮዬን ይዛ ጎትታ ወሰደችኝ፤ ‹አድገሻል፣ በቃሽ› አለችኝ። ያ ቀን የመጨረሻዬ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፣ ሶሞ። ቢነገረኝ ኖሮ ሁለቴ እዘል ነበር።» እንባዋ መጣ። «ኢድሪሳን አልጠላሁትም። መምህር ነው፣ ጨዋ ነው። ግን ስልክ ሲደውል ‹ጤናሽ እንዴት ነው፣ የወላጆችሽ ጤና እንዴት ነው› ብሎ ይዘጋል። ዕድሜ ልኬን ከእሱ ጋር ቁም ነገር ሳወራ ልኖር ነው። ከዚያ በፊት አንዴ፣ ለምንም የማይጠቅም ነገር፣ ለደስታዬ ብቻ ላድርግ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ውሰዱኝ።»

ቢ ሩዙና እንባ አይችሉም፤ ድክመታቸው ነው። ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና፣ «እሺ፣ የት?» አሉ።

ትልቁ ጣጣ ይሄ ነበር። ከከተማው መናፈሻ ፊት ለፊት ባለው ግንብ ሥር ውሃው ጥልቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ውሃው በሞላ ቁጥር የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እየተገለባበጠ የሚዘልበት ነው። ቱሪስቱ ደግሞ ካሜራውን ደግኖ ዳር ዳሩን ይሰለፋል።

«ሙሽራዬን ፎቶ አንስተው በስልክ ዓለምን ሊያዞሯት! አይሆንም!»

«እኔ የምዘልበት የነበረው ፈራሹ የጀልባ መጠጊያ አለ» አለች ሳልሃ። «ሰው አይሄድበትም። ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«መቼስ? ዓሣ አጥማጁ፣ ጀልባ ጠጋኙ፣ ሥራ ፈቱ...» ቢ ሩዙና ድንገት ጭናቸውን መቱ። «ጁምዓ! ነገ ጁምዓ ነው! በሶላቱ ሰዓት ወንድ የተባለ ሁሉ መስጊድ ነው። ባሕሩ ዳር ድመት እንኳ አይገኝም!» በዘዴያቸው በጣም ኮሩ። ሻይ አስፈልተው ጠጡ።

በማግስቱ የሳልሃን እናት በሆነ ባልሆነው ሰበብ ልብስ ሰፊ ዘንድ ላኩ። ሁለቱም ጥቁር በጥቁር ለበሱ፣ ፊታቸውን ሸፈኑ፣ በጠባቡ መንገድ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከኩ ወረዱ። እውነትም ሰው የለም። የሱቁ በር ሁሉ ተዘግቷል፤ የኢማሙ ድምፅ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። ፈራሹ መጠጊያ ጫፍ ላይ ደረሱ። ሳልሃ ጫማዋን አወለቀች። ወደ ታች አየች።

ውሃ የለም።

ባሕሩ ሄዷል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ጭቃው ላይ ሸርጣን ይሯሯጣል። ውሃው እዚያ ማዶ፣ ዓይን በሚደክምበት ቦታ፣ እንደ ነጭ ክር ይታያል።

«ጨረቃዋ ሁለት ቀኗ ነው» አለች ሳልሃ ቀስ ብላ። «በዚህ ሰሞን ቀትር ላይ ውሃው እንደሚሸሽ...»

«ታውቂ ነበር? ታውቂ ነበርና አፍሽ ምን ዘጋው?»

«እርስዎስ? እዚህ አይደል የተወለዱት?»

«እኔማ ስለ ሰው ዓይን ሳሰላ ውሃውን ረሳሁት! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» ቢ ሩዙና ሊያብዱ ደረሱ። ሁለት የባሕር ልጆች፣ አባት አያቶቻቸው ውሃው ሲመጣና ሲሄድ እያዩ ሲበሉና ሲተኙ የኖሩ፣ ደረቅ ጭቃ ላይ ሊዘሉ መጡ! ሰው ቢሰማ ምን ይላል? የዶዶማ ሰው እንኳ እንዲህ አይሳሳትም። «ተነሽ፣ ወደ ቤት! መሐላዬን ሞክሬያለሁ፣ አላህ ምስክሬ ነው። ጉዳዩ አልቋል።»

ሳልሃ ግን አልሰማቻቸውም። ወደ ታች አፍጥጣ ቀርታለች። ቢ ሩዙናም ሊቆጡ ጠጋ ሲሉ አዩት። ልጅቷ ልትዘልበት ካሰበችው ቦታ በታች የተሰባበረ የኮንክሪት ክምር ተቆልሏል፤ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ማን እንደጣለው እንጃ። ከመሃሉ የዛገ ፌሮ ብረት ጫፉን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆሟል። በዙሪያው ጥቁር፣ እሾሃም የባሕር ጃርት እንደ ባቄላ ፈስሷል።

«በልጅነቴ ይሄ አልነበረም» አለች ሳልሃ።

«ውሃ ቢኖር ኖሮስ?»

«እዘል ነበር። ምን ብዬ አጣራለሁ? ቦታዬ እኮ ነው።»

ቢ ሩዙና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እንግዳ ሰው ቢሆን ይጠይቃል፤ ዱላ ነክሮ ጥልቀቱን ይለካል። የዚህ አገር ልጅ ግን የሚያውቀውን ውሃ አይጠይቅም። ያ አላህ፣ ያ አላህ እያሉ ደረታቸውን ያዙ። ልጅቷ በሕይወት አጠገባቸው መቆሟን ደጋግመው አዩ፤ ከዚያ እንደገና ተናደዱባት።

«በይ ውረጂ» አሉ በመጨረሻ።

«የት?»

«ታች ነዋ! ውሃው መሬቱን እርቃኑን አስቀርቶልናል፣ እንየው። ካልዘለልሽ እኔን አታስተኚኝም፣ አውቄሻለሁ።»

ሁለት ጥቁር የለበሱ ሴቶች በጁምዓ ሶላት ሰዓት የባሕሩን ወለል ያስሱ ጀመር። የቢ ሩዙናን አንድ ጫማ ጭቃው ዋጠው፤ አልመለሰውም። ሸርጣን አውራ ጣታቸውን ቆነጠጣቸው። ሳልሃ በየግንቡ ሥር እየሄደች በባዶ እግሯ ትዳብሳለች፤ «እዚህ ድንጋይ ነው»፣ «እዚህ ገመድና መልሕቅ አለ»፣ «እዚህ ጠርሙስ ነው»። ቢ ሩዙና ከኋላዋ፣ «እዚህስ? እዚህስ? ቶሎ በይ፣ ሶላቱ አለቀ!» ይላሉ። በመጨረሻ ከድሮው የቅርንፉድ መጋዘን ጀርባ፣ የድንጋይ ደረጃ በሚወርድበት በኩል፣ ንጹሕ አሸዋ አገኙ። ሳልሃ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰችበት። አንዲት ጠጠር አልነካቻትም። ቀና ብላ ግንቡን አየች፤ ውሃው ሲሞላ የሚተወው ጥቁር ምልክት ከራሷ በላይ በጣም ርቆ ነበር።

«ነገ በሱብሂ፣ በንጋቱ ሶላት» አሉ ቢ ሩዙና። «ያን ጊዜ ውሃው ሙሉ ነው፣ ወንዶቹም መስጊድ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሒናሽ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቢሞቱ አይሆንም። አንዴ! ሰማሽ? አንዴ!»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ አዛኑ እንዳበቃ፣ መጋዘኑ ጀርባ ነበሩ። ባሕሩ ግንቡ ሥር ድረስ መጥቶ ይንጫጫል። ሳልሃ ጥቁሩን አውልቃ ለሶሞዋ ሰጠች፤ ከውስጥ ረጅም ሱሪና ቀሚስ ለብሳለች። ጫፉ ላይ ቆመች። ቢ ሩዙና «ቢስሚላህ በይ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጅቷ የለችም።

ቧ!

ከውሃው ብቅ ስትል ሳቀች። ምን ዓይነት ሳቅ ነው! ቢ ሩዙና ሳምንቱን ሙሉ አብረዋት ከርመው ይህን ሳቅ አልሰሙትም።

«ዝም በይ አንቺ! ከተማውን ልትቀሰቅሺው ነው? ውጪ!»

«አንድ ብቻ፣ ሶሞ!»

«አንዴ አይደል ያልሽው?»

«ይሄ ለአሁኑ ነው። የሚቀጥለው ደግሞ ያኔ፣ የመጨረሻዬ መሆኑን ሳላውቅ፣ ለቀረብኝ ሁለተኛ ዝላይ ነው።»

ዘለለች። ሁለተኛ አለች። ደግሞ ሦስተኛ። እያሳሳቀች እንደ ውሃ ወሰደቻቸው ማለት ነው፤ የቢ ሩዙና ቁጣ አፋቸው ላይ ብቻ ቀረ። ሰማዩ እየነጣ ነው። «ውጪ! ሶላቱ አልቋል! ስሜን ልታጠፊው ነው!» ሲሉ፣ ከኋላቸው የእግር ኮቴ ሰሙ።

ነጭ ቀሚስ የለበሰ፣ ቆብ የደፋ ረጅም ሰው ነው። ብብቱ ሥር ፎጣ ሸጉጧል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እናቴ።»

ቢ ሩዙና ድምፁን አወቁት። ኢድሪሳ ነው። ሙሽራው! ለሽምግልና የመጣ ጊዜ ሻይ ያቀረቡለት እሳቸው ናቸው። እሱ ግን ፊታቸው ስለተሸፈነ አላወቃቸውም። ሳልሃ ከግንቡ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ደረጃውን ይዛ ጸጥ ብላለች።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አሉ በሾለ ድምፅ።

«ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ውሃው ጥልቅ ነው? መዝለል ይቻላል?»

«መዝለል? ለምን?»

ኢድሪሳ ግራ ቀኙን አየ። «እንዲያው... ዝም ብሎ ለመዝለል። የዶዶማ ሰው ነኝ፤ ዋና ግድብ ላይ ተምሬያለሁ፣ ባሕር ግን ነክቼው አላውቅም። ልጆቹ ሲዘሉ ሳይ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ነገ አገባለሁ፣ ደግሞ መምህር ነኝ፤ በጠራራ ፀሐይ ከልጆች ጋር ብዘል የሙሽራዬ ቤተሰቦች ምን ይሉኛል? ሰው ሳይነሣ ልሞክር ብዬ ነው።»

ጉድ ፈላ! «አይቻልም!» አሉ ቢ ሩዙና። «እዚህ ቋጥኝ ነው። ሂድ፣ ልጄ፣ ሂድ!»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ። እንግዲያው እዚያ ማዶ ፈራሹ የጀልባ መጠጊያ ላይ እሞክራለሁ። ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ሳየው ውሃው ደስ ሲል! ሰውም የለበትም።» ፎጣውን አስተካክሎ መንገድ ጀመረ።

ቢ ሩዙና አንድ ትንፋሽ ያህል አረፉ። ወዲያው ያ ብረት ዓይናቸው ላይ መጣ። ወደ ታች ሲያዩ ሳልሃ ሁሉን ሰምታለች፤ ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል፣ አፏም ሊጮህ ተከፍቷል። በእጃቸው ዝም አሰኟት። ቢጠሩት ነገ ከተማው ሙሉ ሶሞዋ ሙሽራዋን ባሕር ውስጥ አስገብታ ለሙሽራው አሳየች ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሴት ልጁን አደራ የሚሰጣቸው የለም። ባይጠሩት ደግሞ... ሰውየው ማዕዘኑ ጋ ደርሷል።

«ልጄ! ቁም! ቁም አልኩህ!»

ዞረ።

«እዚያ እንዳትዘል! ከሥሩ ብረት ቆሟል። ሆድህን ይበሳሃል!»

ኢድሪሳ ተመልሶ መጣ፤ ደንግጧል። «ታዲያ የት ነው የሚዘለለው? ከተማው ሙሉ ውሃ ነው፣ አንድ መዝለያ ቦታ የለም እንዴ?»

«እዚህ ነው!» አሉ ቢ ሩዙና በእልህ። «እዚህ ነው ቦታው! ቋጥኝ የለም፣ ዋሽቼሃለሁ! ሴት ልጅ ውሃ ውስጥ አለች። ፊትህን አዙር! ወደ ግድግዳው! ዞር ብለህ ብታይ ዓይንህን አወጣዋለሁ!»

ምስኪኑ መምህር እንደተቀጣ ተማሪ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሳልሃ ውሃ እየተንጠባጠበች ደረጃውን ወጣች። ቢ ሩዙና ጥቁሩን ጣሉባት፣ ፊቷን ጠቀለሉ፣ ክንዷን ይዘው መጎተት ጀመሩ። በሰውየው ጀርባ በኩል ሲያልፉ ግን ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ከግንቡ ራቅ አድርገህ ዝለል» አለች። «እግርህን ግጠም። አፍንጫህን ያዝ፤ አለዚያ ጨዉ አናትህ ድረስ ይገባል።»

ቢ ሩዙና እዚያው ቢሞቱ በወደዱ። ኢድሪሳ አልዞረም። በስልክ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ እንዴት አያውቀው? መጀመሪያ ድርቅ አለ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀ ነው።

«እሺ» አለ ለግድግዳው። «እግሬን እገጥማለሁ።»

«ሂጂ ወዲያ! ሂጂ!» ቢ ሩዙና እየገፉ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ አደረሷት። እዚያ ስትደርስ እንደ ግትር አህያ እግሯን ተከለች፤ ቢገፏት፣ ቢቆነጥጧት ወይ ፍንክች። ጆሮዋን ወደ ባሕሩ ቀስራ ቆመች።

ቧ!

ከዚያ ዝም። ዝምታው ረዘመ። ሳልሃ የሶሞዋን እጅ እስኪያማቸው ድረስ ጨመቀችው።

«ዋይ! ዋይ ዋይ ዋይ!» ሲል ተሰማ። ሳል፣ ከሳሉ በላይ ሳቅ፤ የትልቅ ሰው ሳቅ አይደለም። ብቻውን፣ ማንም ሳይሰማው፣ ውሃውን በመዳፉ እየመታ ይስቃል።

«ያ አላህ፣ ይሄ ደግሞ ከአንቺ ሊብስ ነው» አሉ ቢ ሩዙና። «ሰንደሌ ለዓሣ ቀረ፣ ጫማዬ ጭቃ በላው፣ ስሜም አልቆለታል። አሁን ምን ቆመሽ ትጠብቂያለሽ? ምን ያስለቅስሻል ደግሞ? ዘለልሽ አይደል?»

ሳልሃ ከመሸፈኛዋ ሥር እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«ተደብቆ እኮ ነው የመጣው፣ ሶሞ» አለች። «እሱም ተደብቆ ነው። እኔ ብቻዬን መስሎኝ ነበር።»